የባዮጋዝ ቧንቧና መገጣጠሚያ አመራረጥና አዘረጋግ

እንደሚታወቀው የባዮጋዝ ማብላያ ከከብት እበትና ከውሃ ለማብሰያ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ዝቃጭም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። በአገራችን የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማካይነት፣ ከኔፓሉ ዓይነት ተሻሽሎ የወጣውና «ስንዱ» የተባለው ባለ ጉልላት ማብላያ በብዙ ሺህ የገበሬ ቤቶች ጓሮ ተሠርቷል።

ማብላያውን ለመሥራት ሲሚንቶ፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የግንበኛ ዋጋና ብዙ የቤተሰብ ጉልበት ይወጣል። ጉልላቱ ጋዝ እንዳያሳልፍ ውስጡ ደጋግሞ ይለሰናል። ከጉልላቱ እስከ ማድ ቤቱ ያለውን መንገድ የሚይዘው ቧንቧ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ፣ ከገበያ እንደተገኘ ይገዛል። በዚህም ምክንያት ጉልላቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ምድጃው የማይነድበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቧንቧውንና መገጣጠሚያውን ሲመርጡ፣ ሲያዘረጉና ሲፈትሹ እንዲጠቀሙበት ነው።

ባንድ ወቅት በአንድ የደጋ ቀበሌ ሥራ ያቆመ ማብላያ እንድናይ ተጠርተን ሄድን። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። «ልጆቼ፣ ሁለት ላምና ሁለት በሬ አሉኝ። እበቱን በየማለዳው እመግባለሁ፤ ውሃውንም ከምንጭ እቀዳለሁ። እሳቱ ግን ይኸው ሦስት ወሩ፤ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ጉድጓዱ ሞቷል መሰለኝ» አሉን። ግንበኛው «ጉልላቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ ተከፍቶ ይለሰን» ብሎ እንደ ነበርም ነገሩን።

ጉልላቱን ከመንካታችን በፊት ከዋናው ቫልቭ አጠገብ የጋዙን ግፊት ለካን። 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሆነ። ጉልላቱ ጋዝ ሞልቶታል ማለት ነው። ከዚያ ቧንቧውን ተከትለን ሄድን። ጥቁሩ የፕላስቲክ ቧንቧ በሁለት ባላ ላይ እንደ ልብስ መስጫ ገመድ ተንጠልጥሎ መኻሉ ወደ መሬት ረግቧል። የረገበውን ቦታ ፈትተን ዝቅ ስናደርገው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ፈሰሰ። ማድ ቤቱ ዘንድ ደግሞ ቧንቧውና ጎማው የተያያዙት ከካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ነበር፤ የሳሙና አረፋ ብንቀባው እንደሚፈላ ወተት ገነፈለ። ቧንቧው ተስተካክሎ፣ መገጣጠሚያው ተለውጦ፣ በዚያው ቀን ቡና ተፈላ። እኚህ እናት ግን ሦስት ወር ሙሉ እበቱን እየመገቡ እንደገና ማገዶ ሲሸከሙ ከርመዋል።

1. በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ምንድን ነው?

ቧንቧ ለመምረጥ አስቀድሞ የሚያልፍበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባዮጋዝ የአንድ ጋዝ ስም አይደለም። ከመቶው ከ50 እስከ 70 እጁ የሚነደው ሚቴን ነው። ከ30 እስከ 45 እጁ የማይነደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጥቂት ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አለበት፤ የገማ እንቁላል የሚሸተው እርሱ ነው። ከነዚህ ሁሉ ጋር የውሃ እንፋሎት አብሮ ይወጣል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንረዳለን።

ሀ/ ጋዙ እርጥብ ነው። ቧንቧው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይለወጣል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ከማብላያው የወጣ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ በደጋ ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ቢወርድ 9 ግራም ያህል ውሃ ይጥላል። ይህ በቀን አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ በወር ግን እስከ ሩብ ሊትር ይደርሳል። የግማሽ ኢንች ቧንቧ በአንድ ሜትር ርዝመቱ የሚይዘው 0.2 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ የረገበ ቦታ ካለ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይደፈናል።

ለ/ ጋዙ ብረት ይበላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውሃው ጋር ሲቀላቀሉ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናሉ። ይህም ብረትን ያዝጋል፤ መዳብን ያጠቁራል፣ ይበላልም።

ሐ/ የጋዙ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ባለ ጉልላት ማብላያ በጣም ሲሞላ እንኳ ግፊቱ አንድ ሜትር ውሃ አካባቢ ነው። ስለሆነም ወፍራም የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ መግዛት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ በመንገድ ላይ የሚጠፋበት ሁሉ ከምድጃው ላይ የሚቀነስ ነው።

2. ትንሽ ቀዳዳ ምን ያህል ጋዝ ያባክናል?

ብዙ ሰው «በጥቂቱ ቢያፈስ ምን አለበት?» ይላል። እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ትኩስ የከብት እበት በጥሩ ሙቀት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ በደጋ ከዚህ ያንሳል። በቀን 30 ኪሎ የሚመግብ ቤት ቢበዛ 1,200 ሊትር ያገኛል። አንድ የቤት ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ ይህ የሦስት ሰዓት እሳት ነው።

አሁን በቧንቧው ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለ እንበል፤ የወፍራም መርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። ግፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ቢሆን እንኳ በዚህ ቀዳዳ በሰዓት 70 ሊትር ገደማ ይወጣል። ቫልቩ ሌት ተቀን ክፍት ከሆነ በ24 ሰዓት 1,700 ሊትር ያህል ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። ከማብላያው የቀን ምርት ይበልጣል። የቤቱ ሰዎች የሚሸከሙት እበትና ውሃ በቀዳዳ እንስራ እንደሚቀዳ ውሃ ይሆናል።

ስለሆነም በዚህ ሥራ ላይ የመገጣጠሚያው ጥራት ከቧንቧው ዋጋ ይቀድማል። ቀጥ ያለ ቧንቧ ብዙ ጊዜ አያፈስም፤ የሚያፈስሰው መጋጠሚያው ነው።

3. የቧንቧው ስፋት

ጠባብ ቧንቧ ርካሽ ቢሆንም ግፊት ይበላል። የቧንቧው የውስጥ ስፋት በግማሽ ቢቀነስ በመንገድ የሚጠፋው ግፊት 16 እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 400 ሊትር የሚፈጅ አንድ ምድጃ ከማብላያው 20 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ የሚጠፋው ግፊት በስሌት እንደሚከተለው ነው፦

የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር (ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ) ሲሆን፦ 0.2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ገደማ።
የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን፦ 1.2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ገደማ።
የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፦ 9 ሳንቲ ሜትር ውሃ ገደማ።

የቤት ምድጃ እንደ ስሪቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጀምሮ ግፊት ይፈልጋል። የ6 ሚሊ ሜትር ጎማ ከማብላያው እስከ ምድጃው የዘረጋ ሰው ማታ ጋዙ ሲቀንስ ወጡን ሳያበስል የሚቀረው ለዚህ ነው።

በመሆኑም ለአንድ ምድጃ እስከ 20 ሜትር ድረስ የግማሽ ኢንች ቧንቧ በቂ ነው። ማድ ቤቱ ከዚያ በጣም ከራቀ፣ ወይም ከአንድ ምድጃ በላይ ከተቀጠለ፣ የሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ መምረጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ማብላያውን ሲቆፍሩ ለማድ ቤቱ አቅራቢ ማድረግ ነው።

4. ከምን የተሠራ ቧንቧ ይመረጥ?

ሀ/ ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ (ጋልቫናይዝድ)፦ ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ፣ አይጥና የከብት ኮቴ አይበግሩትም። እሳት ባለበት ማድ ቤት ውስጥም የሚመረጠው እርሱ ነው። ጉድለቱ ጥርስ ሲወጣለት ዚንኩ ስለሚቆረጥ ዝገቱ ከመጋጠሚያው መጀመሩ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ባለበት ሁሉ በሚገባ መታሸግና ውጪው ቀለም መቀባት ይኖርበታል።

ለ/ ጥቁር ፖሊኢትሊንና ፒቪሲ፦ አሲዱ አይበላቸውም፤ ዋጋቸውም ይቀላል። ነገር ግን ፒቪሲ በፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለቱም በእሳት ይቀልጣሉ፤ አይጥም ይበላቸዋል። ስለሆነም ከ30 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት መቀበር አለባቸው። ማድ ቤቱ ግድግዳ ዘንድ ሲደርሱ በብረት ቧንቧ ይተኩ። ፒቪሲ የሚገጠመው በራሱ ማጣበቂያ ሲሆን፣ ጫፉ ከአቧራና ከእርጥበት ካልጸዳ አይይዝም።

ሐ/ የጎማ ቱቦ፦ የሚያገለግለው ከማድ ቤቱ ቫልቭ እስከ ምድጃው ላለው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለጋዝ ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት ድርብ ያለውና በመኻሉ ክር የገባበት መሆን ይገባዋል። ሲታጠፍ ነጭ ስንጥቅ የሚያሳይ፣ ወይም ታጥፎ ሲለቀቅ የማይመለስ ጎማ አይገዛ።

መ/ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ፦ ሲነኩት ያምራል፤ ሲገጥሙትም ይታዘዛል። ይሁንና ሲሊኮን ጋዝ በግድግዳው ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ዓሣና የውሃ ተክል በመስተዋት ሣጥን የሚያረቡ ሰዎች ለተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገቡ ይህን ቱቦ የማይመርጡት ስለዚሁ ነው። ለባዮጋዝ መስመርም አይመከርም።

ሠ/ የመዳብ ቧንቧ፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለሚበላው፣ ዋጋውም ውድ ስለሆነ አያስፈልግም።

5. መገጣጠሚያና ቫልቭ

መጀመሪያ የሚታሰበው ብዛቱን መቀነስ ነው። እያንዳንዱ ክርን (ጎሚቶ)፣ ቲ እና ማያያዣ አንድ የማፍሰሻ በር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ መገጣጠሚያው ያንሳል። ከጉልላቱ በሚወጣው ቧንቧና በዋናው ቫልቭ መካከል ደግሞ ከግድ በቀር ምንም መገጣጠሚያ መኖር የለበትም። በዚያ መካከል የሚያፈስ ቦታ በቫልቭ ሊዘጋ አይችልምና ሌት ተቀን ያፈሳል።

ቫልቭ ሲገዛ ሩብ ዙር በማዞር የሚከፈተውና የሚዘጋው ቦል ቫልቭ ይመረጥ። ለውሃ የሚሠራው፣ ብዙ ዙር የሚዞረው ጌት ቫልቭ በእጀታው ዙሪያ ጋዝ ያሳልፋል። ቦል ቫልቩን ሱቅ ውስጥ እንዳለ መሞከር ይቻላል፤ ዘግቶ በአንድ በኩል በአፍ መንፋትና በሌላ በኩል አየር መውጣት አለመውጣቱን በረጠበ ጣት ማየት ነው። የነሐስ ቫልቭ ከጊዜ ብዛት ስለሚጠቁርና ስለሚከብድ በየወሩ ጥቂት ጊዜ እየከፈቱ መዝጋት እንዳይጣበቅ ይረዳል።

የብረት ጥርስ በቴፍሎን ይታሸጋል። አጠማዘዙ መገጣጠሚያው በሚጠብቅበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከተጠመዘዘ ሲጠብቅ ተገፎ ይወጣል። ከመጠምዘዝ በፊት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳትና በጣም የዛገውን መጣል ይገባል። አንዴ የጠበቀን መገጣጠሚያ አቅጣጫው እንዲስተካከል ብሎ ወደ ኋላ መመለስ እሽጉን ያበላሻል፤ ፈትቶ እንደ ገና ማሸግ ነው።

ጎማ የሚያያዘው ጎድጎድ ያለ ጥርስ ባለው የጎማ አፍ ላይ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ ነው። የጎማው የውስጥ ስፋትና የአፉ ስፋት እኩል ይሁን። ሽቦ ጎማውን ይቆርጣል፤ ካላማዳሪያ ይላላል፤ ሲባጎም አይይዝም።

6. አዘረጋግና የውሃ ማውጫ

ጋዙ ውሃ መጣሉ ስለማይቀር ውሃው የሚሄድበትን ቦታ እኛ መምረጥ አለብን፤ ካልመረጥንለት ራሱ ይመርጣል። ቧንቧው በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መዘርጋት አለበት። ዝቅታው ወደ ማብላያው ብቻ የሚሄድ ከሆነ ውሃው ተመልሶ ወደ ጉልላቱ ይገባል። መሬቱ ይህን ካልፈቀደ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ እንዲወርድ ይደረግና በዚያ ቦታ ቲ እና ታፓ ያለው የውሃ ማውጫ ይገጠማል። ማውጫው በግንብ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ክዳን ይደረግለት፤ ውሃውም ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ በየሁለት ሳምንቱ ይፍሰስ። እሳቱ እንደ ልብ ትርታ ከፍ ዝቅ ሲል በመስመሩ ውስጥ ውሃ እንዳለ ምልክት ነው።

ቦዩ ሲቆፈር ወለሉ መስተካከል አለበት። በድንጋይ ላይ ያረፈ ቧንቧ አፈሩ ሲሰምጥ ይጎብጣል። ከብት ወይም ጋሪ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከላይ ይደረብ።

7. ከመቀበሩ በፊት መፈተሽ

ቧንቧ ተፈትሾ ይቀበራል እንጂ ተቀብሮ አይፈተሽም። የሚያስፈልገው የሳሙና አረፋ፣ ብሩሽና የግፊት መለኪያ ነው።

መለኪያውን ማንም ሊሠራው ይችላል። ሦስት ሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ በሰሌዳ ላይ በ«ዩ» ቅርጽ ይታሰራል፤ እስከ ግማሹ ቀለም ያለው ውሃ ይገባበታል። አንዱ ጫፍ ከመስመሩ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ክፍት ይቀራል። በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት በሳንቲ ሜትር ሲለካ የጋዙ ግፊት ነው።

በመጀመሪያ መስመሩ በሁለቱም ጫፍ ይዘጋና በብስክሌት ፓምፕ ቀስ ተብሎ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይነፋል። ከዚያ በየመገጣጠሚያው አረፋ ይቀባል። ልዩነቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ እስኪገኝ ይፈለግ። ለ15 ደቂቃ ያህል ከቆመ መስመሩ ጥሩ ነው። ይህ ፍተሻ መደረግ ያለበት በማለዳ ወይም በደመና ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሙቀት ብቻ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ግፊት ይጨምራል ወይም ይቀንሳልና፣ ፀሐይ ላይ የተደረገ ፍተሻ የሚያፈሰውን ደኅና፣ ደኅናውን የሚያፈስ ሊያስመስል ይችላል።

8. ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠበቅ

አንድ ገበሬ ለብቻው ገበያ ሲወጣ ያገኘውን ይገዛል። ማኅበሩ ግን ለብዙ አባላት በአንድ ጊዜ ስለሚገዛ መምረጥ ይችላል። ስለሆነም የሚከተሉት ቢደረጉ ይጠቅማል።

ሀ/ በቀበሌው ላሉት ማብላያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የቧንቧ ስፋትና የጥርስ ዓይነት ይወሰን። ያን ጊዜ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላውም ይሆናል።

ለ/ ከመገዛቱ በፊት መንገዱ በገመድ ይለካ፤ ክርኑና ቲው ይቆጠር። የብረት ቧንቧ የሚሸጠው ባብዛኛው በ6 ሜትር ዘንግ ስለሆነ ለ20 ሜትር መንገድ 4 ዘንግ ያስፈልጋል።

ሐ/ በማኅበሩ ዕቃ ቤት ጥቂት ቦል ቫልቭ፣ የጎማ ቱቦ፣ ማሰሪያና ቴፍሎን ይቀመጥ። አንድ ማሰሪያ በማጣት ቤተሰብ ወር ሙሉ ወደ ማገዶ መመለስ የለበትም።

መ/ ሁለት የቧንቧ መፍቻና አንድ የግፊት መለኪያ ለጋራ ይገዛ። መፈተሹን ከየቤቱ ሴቶችም ወንዶችም ይማሩት። በየቀኑ ከምድጃው ጋር የሚውሉት እነርሱ ስለሆኑ ጉድለቱን ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

9. ማሳሰቢያ

የሚያፈስ ቦታ በክብሪት ወይም በሻማ ፈጽሞ አይፈለግ። ሚቴን ከአየር ጋር ከመቶው ከ5 እስከ 15 እጅ ሲቀላቀል ይፈነዳል። ማድ ቤቱ የገማ እንቁላል ከሸተተ እሳት ሁሉ ይጥፋ፤ መብራት አይነካ፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ዋናው ቫልቭ ይዘጋ። ሽታው በድንገት ጠፋ ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ማብላያው ቢደርቅም እንኳ ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይግባ። አዲስ መስመር ሲከፈት ወይም ከጥገና በኋላ፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየር ወደ ውጭ ሳይወጣ ምድጃው አይለኮስ።

በመጨረሻም የልማት ሠራተኛው አንድ ማብላያ «አልሠራም» ሲባል የሚጀምርበትን ቦታ እናስታውሰው። መጀመሪያ በዋናው ቫልቭ ላይ ግፊቱን ይለካ። ግፊት ካለ ጉልላቱም እበቱም ደኅና ናቸው፤ ቧንቧውን ተከትሎ ውሃውን ያፍስስ። ግፊት ከሌለ ዋናውን ቫልቭ ለአንድ ሌሊት ዘግቶ በማግስቱ እንደ ገና ይለካ። በማግስቱ ግፊቱ ከፍ ካለ ጋዙን የሚያፈሰው ቧንቧው ነውና በየመገጣጠሚያው አረፋ ይቀባ። አሁንም ከሌለ ግን ወደ ጉልላቱና ወደ አመጋገቡ ይመለስ። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሠራተኛ ግንብ ሳያስፈርስ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ማሰሪያና በጥቂት ቴፍሎን፣ የአንድን ቤት እሳት መልሶ ያነዳል።